ቪንሰንን በኮምፔንሳቶ፦ የአንታርክቲካን ከፍተኛ ተራራ ሞዴልና የአማርኛ ካርታ የመሥራት ማስታወሻ

1ኛ ሳምንት፦ ጥያቄው እና ስሌቱ

መነሻዋ የእህቴ ልጅ ናት፤ ጂኦግራፊ ታስተምራለች። ክፍሏ ውስጥ የተሰቀለው አሮጌ ሰንጠረዥ የየአህጉሩን ከፍተኛ ተራራ ሲዘረዝር አንታርክቲካ ላይ «ቪንሰን፣ 5,140 ሜትር» ይላል። አንድ ተማሪ ደግሞ 4,892 የሚል ቁጥር ይዞ መጣባት። ማታ ደወለችልኝና «ጋሼ፣ ሁለት መቶ አርባ ስምንት ሜትር ተራራ የት ይገባል?» አለችኝ። በስልክ ላስረዳት ሞክሬ አልሆነልኝም። «ተይው፣ ሠርቼ አሳይሻለሁ» አልኳት።

ዕቅዱ ሁለት ነገር ነው፦ የተራራው የእንጨት ሞዴል፣ ከሞዴሉ ጋር የሚሰቀል የአማርኛ ካርታ። ተራራው 21 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፣ 13 ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል። በ1፡50,000 ስኬል 42 በ26 ሴንቲ ሜትር ይሆናል ማለት ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ ታክሲ ውስጥም ይገባል። ዙሪያውን ትንሽ ሜዳና በሰሜን በኩል ያለውን የሺንን ተራራ ለመጨመር ሰሌዳውን 45 በ35 አደረግኩት።

ቁመቱን በየ200 ሜትሩ ብከፍል እያንዳንዱ ንብርብር 4 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ባለ 4 ሚሊ ኮምፔንሳቶ በየእንጨት መሸጫው አለ። በምዕራብ በኩል ያለው የብራንስኮም ግግር በረዶ፣ ወጣጮች የመጀመሪያውን ድንኳን የሚተክሉበት፣ ከ2,100 ሜትር ትንሽ ከፍ ስለሚል መነሻዬን 2,000 ሜትር አድርጌ ከዚያ በታች ያለውን ተውኩት። ከ2,000 እስከ 4,800 ድረስ 15 ንብርብር፣ 60 ሚሊ ሜትር። የቀረው 92 ሜትር 1.8 ሚሊ ብቻ ነው፤ እሱን በእጅ እቀርጸዋለሁ። ቁጥሮቹ እንዲህ ያለ ችግር ሲገጣጠሙልኝ ደስ አለኝ። መጠርጠር ነበረብኝ።

የእህቴ ልጅ ያጣችው 248 ሜትር በዚህ ስኬል 5 ሚሊ ሜትር ነው። አንድ ኮምፔንሳቶ ከሩብ።

2ኛ ሳምንት፦ ተራራው ባሕር ውስጥ

የከፍታ ዳታው በነፃ ይገኛል። ሬማ ይባላል፤ አሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ያለው የዋልታ ካርታ ማዕከል ከሳተላይት ጥንድ ፎቶዎች ያወጣው የመላው አንታርክቲካ የከፍታ ሞዴል ነው። መጀመሪያ በ2018 (ቀኖቹም ዓመቶቹም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በ8 ሜትር ጥራት ወጣ፤ በ2022 የወጣው ሁለተኛው ዕትም እስከ 2 ሜትር ይወርዳል። ለሁሉም ሥራ የተጠቀምኩበት የካርታ ፕሮግራም ኪውጂአይኤስ ነው፤ እሱም በነፃ።

የትኛውን ቁራጭ ፋይል ማውረድ እንዳለብኝ ለማወቅ የጫፉን መገኛ አስገባሁ፦ 78 ዲግሪ ከ31 ደቂቃ ደቡብ፣ 85 ዲግሪ ከ37 ደቂቃ ምዕራብ። ነጥቡ የወደቀው ከሩሲያ በስተሰሜን ካራ ባሕር ላይ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ቅየሳ ሠርቻለሁ፤ ነገር ግን ሥራዬ በሙሉ ኢትዮጵያ ውስጥ፣ በዩቲኤም (ምድርን በቁጥር በተለዩ ዞኖች ከፍሎ በሜትር የሚለካ የካርታ መረብ) ዞን 37 ሰሜን ነው። እዚህ አገር ኬንትሮስም ኬክሮስም ሁልጊዜ አዎንታዊ ነው። የመቀነስ ምልክት ጽፌ አላውቅም! ሁለቱንም ቁጥር አዎንታዊ አድርጌ ነበር ያስገባሁት።

ምልክቱን አስተካክዬ ደግሜ አስገባሁ። አሁን ነጥቡ አንታርክቲካ ላይ ወደቀ፣ ተራሮቹ መካከልም ገባ፤ ግን ዙሪያው ከሱ የሚበልጥ ጫፍ አለ። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ዲግሪና ደቂቃውን እንደ አስርዮሽ ጽፌ 78.31 ብዬ ነበር፤ ትክክለኛው 78.525 ነው። ከ24 ኪሎ ሜትር ያላነሰ ወደ ሰሜን ስቻለሁ። ይህን ስህተት ለጀማሪ ሠራተኛ ስንት ጊዜ አርሜያለሁ መሰላችሁ፤ ስለዚህ ለቢሮ ጓደኞቼ አልነገርኳቸውም።

የመጨረሻው ቁጥር፦ −78.52548፣ −85.61715። በወረቀት ጽፌ ኮምፒውተሩ ላይ ለጠፍኩት።

ወጪ፦ የኢንተርኔት ዳታ 500 ብር። ባለ 2 ሜትሩን ማውረድ ጀምሬ ነበር፤ አቋረጥኩት። በ1፡50,000 ስኬል 2 ሜትር ማለት 0.04 ሚሊ ነው፤ የትኛውም መቁረጫ አያየውም። ባለ 10 ሜትሩ 0.2 ሚሊ ሲሆን የሌዘሩ ስንጥቅ ራሱ ያን ያህል ይሰፋል። እሱ ይበቃል።

3ኛ ሳምንት፦ የተዘረጠጠው ተራራ

ፕሮግራሙ ሲከፈት በተለመደው የዲግሪ መረብ ላይ ነበር፤ ተራራው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ተጎትቶ እንደ ተዳመጠ ሊጥ ተዘርግቷል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ አንድ ዲግሪ ኬንትሮስ ከ110 ኪሎ ሜትር ብዙም አይርቅም፤ 78 ዲግሪ ተኩል ደቡብ ላይ ግን መስመሮቹ ወደ ዋልታው እየተሰበሰቡ ስለሚሄዱ 22 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የሚቀረው። ፕሮግራሙ ሁለቱን እኩል አድርጎ ሲስል ስፋቱ አምስት እጥፍ ይለጠጣል።

ዳታው ራሱ የሚመጣው በዋልታ ስቴሪዮግራፊክ ፕሮጀክሽን ነው፤ ፕሮጀክሽን ክቡን ምድር ጠፍጣፋ ካርታ ላይ የመዘርጊያ መንገድ ነው። እሱ ላይ ቅርጹ ትክክል ነው፤ ሆኖም ሰሜን ወደ ግራ ነው የሚያመለክተው። ካርታው የተሠራው ከዋልታው በላይ ሆኖ ወደ ታች እንደሚያይ ሰው ስለሆነ ዜሮ ኬንትሮስ ወደ ላይ፣ ምዕራብ ኬንትሮስ በሙሉ ወደ ግራ ይሆናል። በተጨማሪ ስኬሉ ትክክል የሚሆነው 71 ዲግሪ ላይ ነው፤ ቪንሰን ዘንድ ሲደርስ ርቀቶች ወደ 1.7 በመቶ ያጥራሉ። ለአህጉር ካርታ ምንም አይደለም። ለእኔ 42 ሴንቲ ሜትር ላይ 7 ሚሊ ነው፤ አልወደድኩትም።

መፍትሔው ደጃፌ ነበር። ዩቲኤም እስከ 80 ዲግሪ ደቡብ ድረስ ይሠራል፤ ቪንሰን ዞን 16 ደቡብ ውስጥ ይገባል። ለሃያ ዓመት የለመድኩት ዩቲኤም ዞኑን ብቻ ቀይሮ አገኘሁት። ከዚህ በኋላ ሥራው የማውቀው ሥራ ሆነ። ቢያንስ ለሦስት ቀን።

4ኛ ሳምንት፦ ከየት የተለካ ከፍታ?

ከፍተኛውን ፒክስል ፈልጌ አነበብኩት። 4,892 አይደለም፤ ትንሽ ስህተት ነው ብዬ የማልፈው ልዩነትም አይደለም። መጀመሪያ ዳታውን ጠረጠርኩ። ቀጥሎ ራሴን። እውነቱ ግን የሬማ ከፍታ የሚለካው ከባሕር ጠለል ሳይሆን ከኤሊፕሶይድ፣ ማለትም ለስሌት ከተበጀው ለስላሳ የምድር ቅርጽ ነው። የተራራ ቁመት ብለን የምንጠራው ግን ከጂኦይድ የሚቆጠር ነው፤ ባሕሩ ያለ ነፋስና ያለ ማዕበል በየብሱ ሥር ቢዘረጋ ከሚይዘው ወለል። ሁለቱ በዓለም ዙሪያ ከመቶ ሜትር በላይ ዝቅ እስከ 85 ሜትር ገደማ ከፍ እየተባባሉ ይለያያሉ። ኢጂኤም 2008 የሚባለውን የጂኦይድ ሞዴል አውርጄ ከየፒክስሉ ቀነስኩ፤ ያኔ ተጠጋጋ። የቀረው ጥቂት ሜትር የሾለ ጫፍ በ10 ሜትር ፒክስል ሲታይ ስለሚደለዝ ነው። ጫፉን በእጅ 4,892 አድርጌ ጻፍኩት።

ሌላው ችግር ቀዳዳ ነው። ሬማ የሚሠራው ከፎቶ ስለሆነ ጥላ ያረፈበት ገደል ላይ ክፍተት ሊተው ይችላል። በምዕራቡ ገደል ሁለት ቦታ ላይ ኮንቱሩ (እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኘው መስመር) አብዶ ድመት እንደ ተጫወተችበት ክር ተተብትቧል። ክፍተቱን ከዙሪያው በማስላት ሞላሁት፤ ከዚያ ኮንቱሩን በየ200 ሜትሩ አውጥቼ ትንሽ አለሰለስኩት። አንዱ መሙላቴ የሌለ ጉብታ ፈጥሮ ነበር፤ ከሳተላይት ፎቶ ጋር ሳስተያየው አየሁትና ሰረዝኩት። አንዱን ባላየው ኖሮ አንታርክቲካ ላይ አንድ ኮረብታ ጨምሬ ነበር።

ይህን ሳምንት ያነበብኩት የመለኪያውን ታሪክ ነው፤ ለእህቴ ልጅ መልሱ እዚያ ነው ያለው። 5,140 ሜትር የተባለው ተራራው በታወቀበት ጊዜ ነው። በጥር 1958 አንታርክቲካ ላይ ከነበረው የአሜሪካ በርድ ጣቢያ የተነሡ የአሜሪካ ባሕር ኃይል አውሮፕላኖች አዩት፤ የመጀመሪያዎቹ ካርታዎች ከአየር ፎቶና ከጥቂት የመሬት ቅየሳ ነጥቦች ተሠሩ። በሩቅ ከሚገኝ፣ የራሱ ከፍታም በደንብ ካልታወቀ ነጥብ ላይ አንግል ለክተህ ጫፍ ስታሰላ ሁለት መቶ ሜትር መሳሳት አያስደንቅም። በታኅሣሥ 18 ቀን 1966 አራት አሜሪካውያን፣ ኮርቤት፣ ኤቫንስ፣ ሎንግና ሾኒንግ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወጡት የወጡት 5,140 ሜትር ነው ብለው ነበር። በ1979 እና 1980 መካከል ባለው የደቡብ በጋ የተደረገ ቅየሳ 4,897 አወጣው። በ2004 የአውስትራሊያዊው ዴሚየን ጊልዲ ቡድን የቅየሳ ጂፒኤስ ጫፉ ላይ ተሸክሞ ወጥቶ 4,892 ለካ።

4,897 እና 4,892 በእኔ ሞዴል ላይ 0.1 ሚሊ ነው የሚለያዩት። አንድ ወረቀት። ከ1958 እስከ 1980 የወረደው ግን አምስት ሚሊ ነው ማለት ይቻላል። «ተራራው አላነሰም» አልኳት ለእህቴ ልጅ፤ «የለኪው ክንድ ነው የረዘመው»። «ይህንንማ ለተማሪ እንዴት ብዬ እነግራለሁ» አለች። ልክ ናት። የራስ ደጀንን ነግሬያት ይሻላል አለች፦ እኛ የተማርነው 4,620 ነው፣ አሁን በብዛት የሚጻፈው 4,550። ሰባ ሜትር። ተማሪው ያንን ያውቀዋል።

5ኛ እና 6ኛ ሳምንት፦ ስሞቹ

አንድ ሳምንት ይበቃዋል ብዬ ነበር። ሁለት ፈጀ፤ ሦስተኛም ሊጨምር ነበር።

መጀመሪያ ያወጣሁት ደንብ ይህ ነው፦ የወል ስሙን እተረጉማለሁ፣ መጠሪያውን እንደ ድምፁ እጽፋለሁ። ጫፍ፣ ሸንተረር፣ ግግር በረዶ፣ ሰንሰለት። በሁለት ተራራ መካከል ያለውን ዝቅታ እንግሊዝኛው በፈረንሳይኛ ቃል አንገት ይለዋል፤ እኛ ኮርቻ አለን፣ ቅርጹንም አሳምሮ ይገልጻል። ስለዚህ በቪንሰንና በሺን መካከል ያለው «ጉጅ ኮርቻ» ሆነ። ይህ ሥራ ከሰጠኝ ደስታ አንዱ ነው።

ደንቡ የተሰበረው ገና ከላይ፣ በሰንሰለቱ ስም ነው። ሴንቲኔል። አሜሪካዊው አሳሽ ሊንከን ኤልስወርዝ ከአብራሪው ከሆሊክ ኬንየን ጋር አህጉሩን በአውሮፕላን ሲያቋርጥ በኅዳር 23 ቀን 1935 እነዚህን ተራሮች አየና ከሜዳው ላይ ብቻቸውን እንደ ዘብ ቆመው ስለታዩት ነው እንዲህ ያላቸው። «የዘብ ሰንሰለት» ብዬ ብተረጉመው ታሪኩ ይታያል፤ ነገር ግን ሌላ ካርታ ላይ ሴንቲኔልን የሚፈልግ ተማሪ አያገኘውም። በኋላ «የሴንቲኔል ሰንሰለት» ብዬ ትርጉሙን ከካርታው ግርጌ ጻፍኩ። ደስ አላለኝም፤ ግን ካርታ መፈለጊያ ነው።

ዋናው ጣጣ ራሱ ቪንሰን ነው። ካርል ቪንሰን ከጆርጂያ ግዛት ተመርጦ ከ1914 እስከ 1965 በአሜሪካ ምክር ቤት የተቀመጠ ሰው ነው፤ የጦር ኃይሎች ኮሚቴ ሊቀ መንበር ነበር፣ የአንታርክቲካ ጉዞዎች ገንዘብ እንዲያገኙ አጥብቆ ይደግፍ ነበር። ስሙ የተሰጠው ለመላው የተራራ አካል ነው፤ በእንግሊዝኛ ማሲፍ ለሚባለው፣ ብዙ ጫፎችን ተሸክሞ እንደ አንድ ግንድ ለቆመው። ጫፉ ለብቻው ስም አልነበረውም። በኅዳር 1 ቀን 2006 የአሜሪካ የአንታርክቲካ ስሞች ኮሚቴ ሁለቱን ለየ፦ ግንዱ አንድ ስም፣ ከፍተኛው ጫፍ ደግሞ «ማውንት ቪንሰን» የሚል የራሱ ስም ያዘ። በዚያው ዓመት በግንዱ ላይ ያሉ ሌሎች ጫፎችም በመጀመሪያዎቹ ወጣጮች ስም ተጠሩ፤ ክሊንች፣ ኮርቤት፣ ሾኒንግ፣ ሆሊስተር፣ ፉኩሺማ እና ሌሎችም። ኒኮላስ ክሊንች የ1966ቱ ጉዞ መሪ ነው።

እንግዲህ ይህን በአማርኛ ጻፍ። ግንዱም ተራራ ነው፣ ጫፉም ተራራ ነው። የሰሜን ሰው «ተራራው» ሲል ከእግሩ እስከ ራሱ ያለውን ሁሉ ማለቱ ነው። «ጅምላ ተራራ» ሞከርኩ፤ ጅምላ አከፋፋይ መሰለ። «የተራራ ግንድ» ሞከርኩ፤ የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ ተቆርጦ የወደቀ ይመስላል» አለች። ለጫፉ ደግሞ ከራስ ደጀን ተበድሬ «ራስ ቪንሰን» ልል አሰብኩ። ጻፍኩትና ሳቅ መጣብኝ። የጆርጂያው እንደራሴ ካባ ለብሶ፣ በበቅሎ ተቀምጦ ታየኝ።

የደረስኩበት ይህ ነው፦ ለግንዱ «የቪንሰን ተራራ»፣ ለጫፉ «ቪንሰን ጫፍ»። የመጀመሪያው በትልቅ ፊደል በሸንተረሩ ላይ ተዘርግቶ፣ ሁለተኛው በትንሽ ፊደል ጫፉን ከሚያመለክተው ሦስት ማዕዘን ጎን። ጉድለቱን አውቃለሁ፤ እንግሊዝኛው ቃል በቃል ቢተረጎም «የቪንሰን ተራራ» የሚባለው ጫፉ ነበር። ነገር ግን አማርኛ አንባቢ ካርታውን ሲያይ የቱ አካል የቱ ራስ እንደሆነ ሳይጠይቅ ይረዳል። ሁለት ሰው አሳይቼ ሁለቱም ተረዱ። ሁለት ሰው ጥናት አይባልም፤ ለእኔ በቃኝ።

ስሙን ማን ያጸድቀዋል የሚለው ሌላ ጉድ ነው። አንታርክቲካ ባለቤት የላትም፤ የ1959ኙ ስምምነት የይገባኛል ጥያቄዎችን ባሉበት አቁሟቸዋል (ቪንሰን ያለበትን ቦታ የምትጠይቀው ቺሊ ብቻ ናት)። ብዙ አገሮች የየራሳቸው ስም አውጪ ኮሚቴ አላቸው፤ ዓለም አቀፉ የአንታርክቲካ ጥናት ኮሚቴ ከ1992 ጀምሮ የሁሉንም ዝርዝር በአንድ መዝገብ ይሰበስባል። ይሰበስባል እንጂ አይዳኝም። ለዚህ ነው በአሜሪካ ኮንግረስ አባል ስም በተጠራ ተራራ ላይ «ኦፓልቼኒዬ» የሚል የቡልጋሪያ ጫፍ ያገኘሁት፤ በ1877 እና 1878ቱ የሩሲያና የኦቶማን ቱርክ ጦርነት ለነፃነታቸው የዘመቱ የቡልጋሪያ በጎ ፈቃደኞች መታሰቢያ ነው። ቡልጋሪያውያን በሴንቲኔል ሰንሰለት ላይ እጅግ ብዙ ስም አውጥተዋል። ትንሽ አገር ናት፤ ካርታ ላይ መቀመጥ ግን ያውቁበታል።

የፊደል አጻጻፉ ላይ ብዙ ማጥፋትና መጻፍ ነበር። እኛ ይህን በሽታ ከሌላው ወገን እናውቀዋለን፦ ደጀን በውጭ ካርታ ላይ ዳሸን ሆኖ ሄደ፣ ተመልሶ መጥቶም የባንክና የቢራ መጠሪያ ሆነ። አሁን ተራው የእኔ ነው፤ የሌላውን ስም የማበላሸው እኔ ነኝ። ሾኒንግን ሦስት ጊዜ ለዋወጥኩ።

7ኛ ሳምንት፦ ህትመት

የመጀመሪያው ህትመት ተበላሸ። ኮምፒውተሬ ላይ አምሮ የሚታየው ፊደል ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ሲከፈት ሁሉም ባዶ ሳጥን ሆነ፤ የነሱ ማሽን የመረጥኩትን ፎንት አያውቀውም፣ እኔም ፒዲኤፉ ውስጥ አላካተትኩትም። ኦፕሬተሩ ሳያይ ላከው፣ እኔም ሳላይ ከፈልኩ። 260 ብር። በማግስቱ ጽሑፉን ሁሉ ወደ መስመር ቅርጽ ቀይሬ ሄድኩ፤ ሌላ 260 ብር።

ሁለተኛው ህትመት ያስተማረኝ ነገር አለ። የላቲን ካርታ ሠሪዎች ትልቅ ስም ሲዘረጉ በፊደሎቹ መካከል ሰፊ ክፍተት ይተዋሉ። እኔም እንደነሱ «የ ቪ ን ሰ ን» ብዬ በሸንተረሩ ላይ በተንኳቸው። በአማርኛ አንድ ፊደል ሙሉ ቀለም ስለሆነ ሲራራቁ ቃሉ ፈርሶ የፊደል ገበታ ይመስላል። ክፍተቱን ወደ ግማሽ ፊደል ዝቅ አደረግኩት። ሁለተኛ፣ ከ7 ነጥብ (የፊደል መጠን መለኪያ) በታች «ሰ» እና «ስ» አይለዩም፤ የጫፎቹን ስም ወደ 8 ነጥብ ከፍ ሳደርግ እርስ በርስ ተጋፉና አራት ስሞችን በእጅ ማንቀሳቀስ ግድ ሆነ። ሦስተኛ ህትመት ግን አላሳተምኩም። እርማቱን ይዤ ሞዴሉ እስኪያልቅ ልጠብቅ አልኩ።

8ኛ ሳምንት፦ መቁረጥ

ኮምፔንሳቶ አንድ ሙሉ፣ 2,300 ብር። እንጨት ቤቱ ውስጥ ወደ 60 በ90 ቁራጮች አስከፈልኩት፤ ሌዘሩ ከዚያ በላይ አይወስድም። እያንዳንዱ ንብርብር ላይ ቀጣዩ የሚያርፍበትን ቅርጽ በቀጭን መስመር አስጫርኩ፣ ሁሉንም የሚያልፉ ሁለት የሽቦ ቀዳዳዎችም ጨመርኩ። ቀዳዳዎቹን ባልጨምር ኖሮ ይህ ማስታወሻ እዚህ ያበቃ ነበር። ከ4,200 በላይ ግን ቁራጮቹ ትንንሽ ስለሆኑ አንድ ቀዳዳ ብቻ ነው የሚያገኛቸው፤ እነሱን በተጫረው መስመር ነው የማስቀምጣቸው።

94 ደቂቃ፣ በደቂቃ 20 ብር፣ 1,880 ብር። ስድስተኛው ንብርብር ላይ መብራት ጠፋ። ሲመጣ ማሽኑ ያቆመበትን አላስታወሰም፤ ሠራተኛው ካቆመበት ልቀጥል ብሎ ሲሞክር ግማሽ ሚሊ ስቶ ድርብ መስመር ቆረጠ። ንብርብሩን ትርፍ ቁራጭ ላይ ደገምነው። ሠራተኛው የደገመበትን አላስከፈለኝም፤ ሻይ ጋበዝኩት። «ምንድን ነው የምንቆርጠው?» አለ። «የአንታርክቲካ ተራራ።» «አሃ» ብሎ ዝም አለ፤ ትንሽ ቆይቶ «ለምን?» አለ። ጥሩ መልስ አልነበረኝም።

9ኛ ሳምንት፦ የጠፋው 6 ሚሊ

አሥራ አምስቱን ያለ ኮላ ደርድሬ ቁመቱን ለካሁ። 60 ሚሊ ሜትር መሆን ነበረበት። 54።

በካሊፐር አንዱን ለካሁ፤ 3.6 ሚሊ። ባለ 4 ሚሊ ተብሎ የሚሸጠው ኮምፔንሳቶ 4 ሚሊ አይደለም። እንጨት ሠሪ ሁሉ የሚያውቀውን ነገር እኔ ሳልለካ ወሰድኩ። በሞዴሉ ላይ 6 ሚሊ ማለት 300 ሜትር ነው። የ1958ቱን ለኪዎች በ248 ሜትር ስታዘብ ቆይቼ እኔ ጠረጴዛ ላይ፣ ካሊፐር እያለኝ፣ በ300 ተሳሳትኩ።

ሦስት መንገድ አየሁ። አንደኛው ቋሚ ስኬሉ ከአግድሙ ይለያል ብሎ ግርጌ ላይ መጻፍ፤ ቀላል ነው፣ ነገር ግን ሥራው ሁሉ ስለ ቁመት ስለሆነ አፈርኩ። ሁለተኛው ሌላ ኮምፔንሳቶ ገዝቶ እንደገና መቁረጥ፤ ከ4,000 ብር በላይ። ሦስተኛው በየንብርብሩ ሥር 0.4 ሚሊ የሚሞላ ነገር ማስገባት። የፋይል መያዣ ካርቶን አሥር ደርቤ ስለካው 4 ሚሊ ሆነ፤ ማለትም አንዱ ልክ 0.4። የንብርብሮቹን ቅርጽ በካርቶን ላይ ገልብጬ በምላጭ ቆረጥኩ። ካርቶን 180 ብር፣ ኮላ 350 ብር፣ አራት ማታ፣ አንድ የተቆረጠ አውራ ጣት።

ተጣብቆ፣ በድንጋይ ተጭኖ፣ ደርቆ ሲለካ 60.5። ግማሽ ሚሊው ኮላ ነው። 25 ሜትር ኮላ!

10ኛ ሳምንት፦ ጫፉ

ደረጃዎቹን በስቱኮ ሞልቼ በብርጭቆ ወረቀት ለሰለስኩ። የመጀመሪያው ንብርብር ስቱኮ ተሰነጠቀ፤ ወፍራም አድርጌው ነበር። አራግፌ በቀጭኑ ሁለት ጊዜ ደገምኩ። በረዶውን ነጭ፣ ገደሉን ጥቁር ግራጫ ቀባሁ። ስቱኮና ቀለም 640 ብር። እስካሁን ጠቅላላ 6,370 ብር ደርሷል፤ ሦስተኛው ህትመት ገና ነው።

ጫፉን ከካርቶን ቁራጭ ቀረጽኩት፤ 1.8 ሚሊ ማለት አራት ካርቶንና ትንሽ ስቱኮ ነው። የሰው ዓይን እንደ ጫፍ የሚያየው አይመስልም፤ ከሩቅ ሜዳ ነው የሚመስለው። የግግር በረዶው ሜዳ ከላይ ሰፊ ስለሆነ ቪንሰን እውነትም የሾለ ተራራ አይደለም። አስራ ሦስት ኪሎ ሜትር ርቆ የቆመው ታይሪ፣ 4,852 ሜትር፣ በ40 ሜትር ብቻ ያንሳል፤ በእኔ ስኬል 0.8 ሚሊ። እሱ ከሰሌዳዬ ውጭ ነው። ከፍተኛውን መርጬ ይበልጥ የሚያምረውን ተውኩት።

ከዚያ የእህቴ ልጅ መጣች። አንድ ቀጭን ሽቦ ጫፉ ላይ ተክዬ አምስት ሚሊ ያህል እንዲወጣ አድርጌ ነበር፤ እራሱ ላይ ቀይ ቀለም። የሽቦው ራስ 5,140 ነው። ሽቦውን ነካ ነካ አደረገችውና ለረጅም ጊዜ ምንም አላለችም። «ይኼ ብቻ ነው?» አለች በመጨረሻ። «ይኼ ብቻ ነው» አልኳት። አየር ነው ማለቴ ነበር፤ ገባት።

ሽቦውን ልነቅለው ስል ከለከለችኝ። ለሽቦው ራስ ትንሽ መለያ ጽሑፍ እንድጨምርም አዘዘችኝ፦ «1958»። ለጫፉ ደግሞ «2004»። እኔ ሁለቱን ጽሑፎች ማስገባት የምችልበት ቦታ የለኝም፤ በ8 ነጥብ ከኦፓልቼኒዬ ጋር ይጋጫሉ። በባንዲራ መልክ ከሽቦው ላይ ልሰቅላቸው ነው። የሚቀረው ሥራ ሦስተኛው ህትመት፣ ሁለቱ ባንዲራዎች፣ የመስታወት ክዳን (ዋጋ ጠይቄ 1,400 አሉኝ፣ ልጠብቅ)፣ እና ሆሊስተር የሚለውን ስም ከተሳሳተ ሸንተረር ላይ ማንሳት ነው። ትናንት ማታ ነው ያየሁት።